ኮሌጅ ገብቶ ሆኪ የሚጫወት ልጅ ከዚያ ወዴት ይሄዳል? (ሚኒሶታ ያላችሁ ብቅ በሉ)

የናሆም አባት (ሴንት ፖል)

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ልጄ ናሆም 16 ዓመቱ ነው። የበረዶ ሆኪ ይጫወታል፣ ተከላካይ ነው። የጀመረው በስድስት ዓመቱ ነው። ከቤታችን ማዶ ያለው መናፈሻ ብርዱ ሲገባ ውኃ ይረጩበትና በረዶ ይሠራል። የጎረቤት ልጅ የጠበበውን የበረዶ ጫማ ሰጠው፤ በዚያው ቀረ። እኔ ዳር ቆሜ እጄ ይደነዝዛል፣ እሱ ና ግባ ቢሉት አይሰማም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀን የመጣ ጊዜ ጨዋታውን አይቶ "ይሄማ ገና ነው፤ እሩሩን ጠፍጥፈውት እንጂ" አለኝ።

አሁን ግን ነገሩ ከጨዋታ አለፈ። ባለፈው ወር ከካናዳ ጁኒየር (የወጣቶች) ሊግ አንድ ሰው መጥቶ አናገረን። "በሚቀጥለው ዓመት ይምጣ፣ ተቀብሎ የሚያኖረው ቤተሰብ እናገኝለታለን፣ ትምህርቱንም እዚያው ይማራል" አለ። ልጁ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እናቱ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሐሳብ ገብቷታል። የሷ ሐሳብ ሁለተኛ ደረጃውን እዚሁ ይጨርስና ኮሌጅ ይግባ ነው።

ሜዳው ዳር የሚቆሙት ወላጆች ደግሞ የሚሉት ለየቅል ነው። አንዱ "ኮሌጅ የሚሄደው ፕሮፌሽናል የመሆን ተስፋ የቆረጠ ነው" ይላል። ሌላው "ዛሬ ሁሉም ከኮሌጅ ነው የሚወጣው" ይላል። እኔ በጨርቅ ኳስ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ማንን ልመን? ኮሌጅ የተጫወቱት ኋላ ምን ይሆናሉ?

በረዶ ወዳድ (ሚኒያፖሊስ)

ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ልጁን ብሎ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው መኖሩ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ወላጅ ገና አልሰማውም። እስከ ቅርብ ጊዜ ሁለቱ መንገዶች አይገናኙም ነበር። በካናዳ ትልልቅ ጁኒየር ሊጎች አንድ ጨዋታ የተሰለፈ ልጅ የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ በር ይዘጋበት ነበር። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ እንደ ፕሮፌሽናል ነበር የሚቆጥራቸው። ኖቬምበር 2024 ላይ ይሄ ሕግ ተቀየረ። ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ እዚያ የተጫወተ ልጅ ኮሌጅ መግባት ይችላል። ጋቪን መኬና የሚባለው ወጣት ኮከብ ከካናዳው ጁኒየር ቡድን ከሜዲሲን ሃት ተነሥቶ ፔን ስቴት የገባው በዚህ ነው። ስለዚህ "ካናዳ ከሄደ ኮሌጅ ቀረበት" የሚለው የድሮ ነገር ነው። ጭንቀታችሁ ግማሹ እዚህ ላይ ይቅለላችሁ።

ሁለተኛ፣ "ተስፋ የቆረጠ ነው" ያለህ ሰውዬ የ1950ዎቹን ወሬ ነው የነገረህ። ያኔ እውነትም የኮሌጅ ልጅ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ሬድ ቤረንሰን የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጨዋታውን ማርች 1962 ላይ ጨርሶ ቀጥታ ትልቁ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ኤንኤችኤል፣ ሞንትሪያል ካናዲየንስ ሲገባ ጉድ ተባለ። ከእሱ በኋላ ኬን ድራይደን መጣ። የኮርኔል ግብ ጠባቂ ነበር። በ1971 በመደበኛው ውድድር ስድስት ጨዋታ ብቻ ከተሰለፈ በኋላ ለጥሎ ማለፉ ግብ ውስጥ አቆሙት። ዋንጫውን በላ፣ የጥሎ ማለፉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ1973 ያደረገው ነው። አንድ ሙሉ ዓመት ሆኪውን አቁሞ ቶሮንቶ የሕግ ቢሮ ውስጥ ሠራ። ከዚያ ተመልሶ አራት ዋንጫ ጨመረ። ተምሮ ስለነበር ነው ይሄን ማድረግ የቻለው።

በ1980 ሌክ ፕላሲድ ላይ ሶቪየትን ያሸነፈው የአሜሪካ ቡድን ደግሞ የኮሌጅ ልጆች ስብስብ ነበር። ከ20ዎቹ 12ቱ የኛው ሚኒሶታ ልጆች ናቸው። ኬን ሞሮው የሚባለው ተከላካይ በየካቲት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ በግንቦት ከአይላንደርስ ጋር የኤንኤችኤልን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ማንም የኮሌጅን ሜዳ ሳያይ ቡድን አይሠራም። ዛሬ ኤንኤችኤል ውስጥ ከሚጫወቱት ሲሶ ያህሉ በኮሌጅ ያለፉ ናቸው።

የአራት ኪሎው (አዲስ አበባ)

ወንድሞች፣ ከአዲስ አበባ ነው የማነበው። በረዶ የማውቀው በማቀዝቀዣ ነው፣ ግን ክሩ ያዘኝ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እግር ኳስ ላይ ክለብ ከፈለገህ ያስፈርምሃል፣ ትሄዳለህ፣ አለቀ። እናንተ ግን "ክለብ መርጦት ኮሌጅ ቀረ" ስትሉ እሰማለሁ። ክለብ መርጦት ለምን ይማራል?

በረዶ ወዳድ (ሚኒያፖሊስ)

ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ድራፍት የሚባል አለ። ክለቦቹ 18 ዓመት የሞላቸውን ልጆች በየተራ ይመርጣሉ። መመረጥ ግን መፈረም አይደለም። የመረጠህ ክለብ ብቻ ነው ሊያስፈርምህ የሚችለው ማለት ነው፣ ልክ ቃል እንደታሰረላት ልጅ። አንተ ኮሌጅህን ትማራለህ፣ እነሱ ከሩቅ ይጠብቁሃል።

ኬል መካርን ውሰድ። በ2017 ኮሎራዶ አራተኛ አድርጎ መረጠው። እሱ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። አንድ ዓመት ተጫወተ። ይበቃኛል አላለም፣ ለሁለተኛ ዓመት ተመለሰ። ከዚያ የሆነውን እይ። አርብ ኤፕሪል 12 ቀን 2019 የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ የሆቢ ቤከርን ሽልማት ወሰደ። ቅዳሜ ለዋንጫ ተጫውቶ በሚኒሶታ ዱሉዝ 3 ለ 0 ተሸነፈ። እሁድ ፈረመ። ሰኞ ማታ ዴንቨር ላይ በኤንኤችኤል ጥሎ ማለፍ ተሰለፈ፣ የመጀመሪያ ጨዋታው ነው፣ ግብም አገባ። ያገባውም በተወለደበት ከተማ በካልጋሪ ቡድን ላይ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2022 ስታንሊ ካፕ ወሰደ፣ የጥሎ ማለፉ ምርጥም እሱ ሆነ። ያችን ሁለተኛ ዓመት ኮሌጅ ባይቆይ ይቀርበት ነበር ወይ ብትለኝ መልስ የለኝም። እንዳልተጎዳበት ግን በግልጽ ይታያል።

ተማሪውም አቅም አለው። ጂሚ ቪሲን ናሽቪል መርጦት ነበር። ሃርቫርድ አራት ዓመቱን ጨረሰ፣ አልፈርምም አለ። ኦገስት 15 ቀን 2016 በእሱ ላይ የነበረው የክለብ መብት አበቃ። ነፃ ሆኖ ከብዙ ክለብ መካከል ኒውዮርክ ሬንጀርስን መረጠ።

ባለ ሱቁ (በርሊንግተን፣ ቨርሞንት)

እኔ የምኖረው በረዶ ከሰው በሚበዛበት አገር ነው። የናሆም አባት፣ ሰዎች የኮከቦቹን ብቻ ነው የሚነግሩህ። እኔ የዘገዩትን ልንገርህ፤ ኮሌጅ ይበልጥ የሚጠቅመው ለእነሱ ይመስለኛል።

እዚህ ቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ በ1990ዎቹ ማርቲን ሴንት ሉዊስ የሚባል ልጅ ተጫወተ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73። አራት ዓመት ሙሉ ግብ ሲያዘንብ ማንም ድራፍት አላደረገውም። አጭር ነው አሉት። በ1997 ዲግሪውን ይዞ ወጣና ክሊቭላንድ በታችኛው ሊግ ጀመረ። ካልጋሪ አስፈርሞ ሁለት ዓመት ካየው በኋላ ለቀቀው። ታምፓ ወሰደው። በ2004 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ፣ ነጥብ በመሰብሰብም አንደኛ ወጣ፣ ስታንሊ ካፕም አነሣ። ዛሬ ሞንትሪያልን ያሠለጥናል።

ከእሱ ጋር እዚሁ ግብ ይጠብቅ የነበረው ቲም ቶማስ ነው። እሱ እንኳ ተመርጦ ነበር፣ ግን በ217ኛ። ከኮሌጅ በኋላ ፊንላንድ፣ ስዊድን፣ ታችኛው ሊግ፣ ደግሞ ፊንላንድ። ኤንኤችኤል ግብ ውስጥ መጀመሪያ ሲቆም 28 ዓመቱ ነበር። በ2011 በ37 ዓመቱ ቦስተንን ዋንጫ አስበላ፣ የጥሎ ማለፉ ምርጥም ተባለ።

በካናዳው ጁኒየር ሊግ 20 ዓመት ሲሞላህ ጊዜህ እያለቀ ነው። ኮሌጅ እስከ 23 እና 24 ያቆይሃል። ሰውነቱ ዘግይቶ ለሚሞላ ልጅ እነዚያ ዓመታት ወርቅ ናቸው። ጨዋታውም በአብዛኛው አርብና ቅዳሜ ነው። በዓመት ከ35 እስከ 40 ገደማ ነው የምትጫወተው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ክብደት ታነሣለህ፣ ትለማመዳለህ። ልጅህ ቀጭን ነው ወይስ ሞልቷል?

የናሆም አባት (ሴንት ፖል)

ቀጭን ነው! ቁመቱ እኔን አልፏል፣ ትከሻው ግን ገና ነው። ይሄን ማንም አላነሣልኝም፣ ተባረክ።

ኤፍራታ (ቶሮንቶ)

እኔ ሁለት ሴት ልጆች ነው ያሉኝ፣ ሁለቱም ይጫወታሉ። ስለ ሴቶቹ ማንም ስላላነሣ ልግባ።

ለሴቶች ኮሌጅ አማራጭ አልነበረም፣ ብቸኛው መንገድ ነበር። ከኮሌጅ በኋላ ደግሞ ገደል ነበር። በ2019 የካናዳው የሴቶች ሊግ ፈረሰ። ከ200 በላይ ተጫዋቾች ተሰባስበው "መኖሪያ የሚሆን ደመወዝና ደህና ሊግ እስኪመጣ አንጫወትም" አሉ። ያኔ ትልቋ ልጄ "እማዬ፣ ታዲያ እኔ ስጨርስ የት ልጫወት ነው?" አለችኝ። የምመልስላት አጥቼ ሳህን ማጠቤን ቀጠልኩ።

ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 እዚሁ ቶሮንቶ አዲሱ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ፒደብሊውኤችኤል ሲከፈት አብረን ቁጭ ብለን አየን። ቡድናችን በኒውዮርክ 4 ለ 0 ተሸነፈ፣ ልጄ ግን ፊቷ በርቶ ነው ያመሸችው። በአምስት ቀኑ ደግሞ እናንተ ጋ ሴንት ፖል ከ13,000 በላይ ሰው ገባ። የመጀመሪያው ዓመት ዝቅተኛ ደመወዝ 35,000 ዶላር ነበር። ብዙ አይደለም፣ ግን ደመወዝ ነው።

አሁን ልጆቼ ግድግዳ ላይ ያለችው ሶፊ ጃክስ ናት። የቶሮንቶ ልጅ፣ ጥቁር፣ ተከላካይ። ኦሃዮ ስቴት ሲቪል ኢንጂነሪንግ እየተማረች ተጫወተች። በ2023 የሴቶቹን ትልቁን የኮሌጅ ሽልማት፣ የፓቲ ካዝማየርን ማለቴ ነው፣ በማግኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ከዚያ ሚኒሶታ ገብታ በ2024 እና በ2025 ሁለቱንም ዋንጫ በላች። የኢንጂነሪንግ ዲግሪ በእጇ ነው። የናሆምን እናት ሐሳብ እኔ በደንብ ነው የምረዳው።

የሌሊት ፈረቃ (ዴ ሞይን፣ አዮዋ)

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ስለ ኮከብ ብዙ አላውቅም። የምሠራው ግን የኤኤችኤል፣ ከኤንኤችኤል አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ሊግ፣ ቡድን በሚጫወትበት አዳራሽ ነው፣ ማታ ማታ አጸዳለሁ። ቡድኑ የሚኒሶታ ዋይልድ ታዳጊ ነው። ስለዚህ የኮሌጅ ልጆች ሲመጡም ሲሄዱም አያለሁ።

ሰው "ፈረመ" ሲባል አለቀለት ይመስለዋል። አይደለም። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚመጡት እዚህ ነው። አንዳንዱ ከዚህም ዝቅ ብሎ ኢሲኤችኤል ይላካል። ኮሌጅ ላይ በሳምንት ሁለት ጨዋታ የለመደ ልጅ እዚህ 72 ጨዋታ ይጠብቀዋል። አንዳንዴ ሦስት ቀን በተከታታይ ይጫወታሉ። እሁድ ማታ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ብታዩአቸው እንደ እርሻ በሬ ነው የሚራመዱት።

አንዱን አልረሳውም። ስሙን ተዉት፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከኮሌጅ ነው የመጣው፣ ድራፍት አልተደረገም። ጨዋታ ባለቀ ቁጥር ሌላው ሲወጣ እሱ ዱላው ላይ ያለውን ጥቁር ቴፕ ቀስ ብሎ ይልጥና አጠቅልሎ ራሱ ቅርጫት ውስጥ ይጥለዋል። ለእኔ ብሎ ነው። ሌላው መሬት ላይ ጥሎት ነው የሚሄደው። አንድ ማታ ቦርሳው ጎን የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ አየሁ። "ምንድነው?" አልኩት። "ሁለት ኮርስ ቀርቶኛል" አለኝ። በዚያው ዓመት አንድ ቀን ከላይ ተጠራ። ስልክ ሲደወልለት እኔ እዚያው መጥረጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለት ቦርሳ ጭኖ ሌሊቱን ወደ ሴንት ፖል ነዳ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ተመለሰ። ሲመለስ ቴፑን አሁንም እንደዚያው አጠቅልሎ ነው የጣለው።

አሁን መጫወት አቁሟል። ሁለቱን ኮርስ ግን ጨርሷል። ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ አግኝቶኝ በስሜ ጠራኝ። የናሆም አባት፣ አብዛኛው የሆኪ ሕይወት ይሄ ነው። እኔ የተሸነፈ ሰው ነው ብዬ አላስብም።

የብስራት እናት (ቦስተን)

ሁላችሁም የኮሌጅን መልካሙን ነው የጻፋችሁት። እኔ ሌላውን ልጨምር፣ ቅር እንዳትሰኙ።

የኔ ልጅ ኮሌጅ ገብቶ ተጫውቷል። ስሙን የማልጠቅሰው ትምህርት ቤት አሠልጣኙ ቤታችን ድረስ መጥቶ ቡና ጠጥቶ፣ "ከስኮላርሽፑ አትጨነቁ" ብሎ ሄደ። ወረቀቱ ሲመጣ የተጻፈው ግማሽ ነበር። ግማሹን እኔና አባቱ ተጨማሪ ሥራ ይዘን ከፈልን። ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት አብዛኛውን ቁጭ ብሎ አሳለፈ፣ ምክንያቱም ቡድኑ ውስጥ "አንደኛ ዓመት" የሚባሉት ብዙዎቹ 20 እና 21 ዓመታቸው ነው። ከ18 ዓመት ልጅ ጋር ትከሻቸው አይገናኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ኮሌጅ ተዛወረ። እዚያ ተጫወተ፣ ተደሰተ። ሲጨርስ አንድ ዓመት ፈረንሳይ በትንሽ ሊግ ተጫውቶ መጣ። አሁን መምህር ነው።

ያልጠየቅኩትን እናንተ ጠይቁ። ስኮላርሽፑ ስንት እጅ ነው? ለስንት ዓመት? ቢጎዳስ ይቀጥላል? በእሱ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ልጆች ተመልምለዋል? ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። ሃርቫርድና መሰሎቹ አይቪ ሊግ ደግሞ ለስፖርት ብለው ስኮላርሽፕ አይሰጡም፣ የሚሰጡት በቤተሰብ ገቢ የሚታይ ድጋፍ ነው። አዳም ፎክስ ከሃርቫርድ ወጥቶ በ2021 የኤንኤችኤል ምርጥ ተከላካይ ተብሏል፤ ቡድኑ ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። ሒሳቡን ቀድማችሁ እወቁ ነው የምለው።

የናሆም አባት (ሴንት ፖል)

የናሆም እናት ነኝ፣ በባለቤቴ ስልክ ነው የምጽፈው። የጻፋችሁትን ሁሉ ቁጭ ብለን አነበብን። የብስራት እናት፣ እህቴ፣ ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ገልብጫቸዋለሁ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ልጄ በቡድኑ ውስጥ ብቸኛው ጥቁር ነው። ባለፈው ዓመት ሌላ ከተማ ሲጫወት ከተመልካች መሐል የተሰደበውን ስድብ ለአባቱ ሳይነግር ለእኔ ነገረኝ። እዚህ ሲሆን ማታ ይመጣል፣ ሽሮውን በልቶ ያወራልኛል። በ16 ዓመቱ ሰው ቤት ሲኖር ለማን ያወራል?

በረዶ ወዳድ (ሚኒያፖሊስ)

እትዬ፣ ይሄ ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ነው፣ እኔም ቀላል መልስ የለኝም። ግን እዚያው ሴንት ፖል ስለተወለደ ሰው ልንገርዎት።

ካይል ኦክፖሶ ይባላል። አባቱ ከናይጄሪያ የመጡ ናቸው። ልጁ ዴ ሞይን በአሜሪካው ጁኒየር ሊግ አንድ ዓመት ተጫውቶ በ2006 ዋንጫ በላ። በዚያው ዓመት አይላንደርስ ሰባተኛ አድርጎ መረጠው። እሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከቤቱ ወደ ሜዳው በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሁለተኛ ዓመቱን ሳይጨርስ ፈረመ። ከ1,000 በላይ ጨዋታ ተጫወተ፣ የባፋሎ አምበል ሆነ። በ2024 በ36 ዓመቱ ከፍሎሪዳ ጋር ስታንሊ ካፑን አንሥቶ ጫማውን ሰቀለ። ኬአንድሬ ሚለርም የሴንት ፖል ልጅ ነው። ዊስኮንሲን ሁለት ዓመት ተጫውቶ ሬንጀርስ ገባ፣ በ2025 ካሮላይና ለስምንት ዓመት በ60 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። እሱም ገና ሳይጀምር በ2020 ከደጋፊዎች ጋር በኢንተርኔት ሲተዋወቅ የዘር ስድብ ወርዶበታል። ስድቡ የለም አልልዎትም። መንገዱን ቀድመው የሄዱበት ልጆች ግን አሉ፣ ከእርስዎ ሰፈር።

ማይክ ግሪየርንም ናሆም ይወቀው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ የተጫወተ ነው፣ አሜሪካ ተወልዶ ሆኪውንም ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ተምሮ ኤንኤችኤል የገባ የመጀመሪያው ጥቁር። በ2022 ሳን ሆዜ ዋና ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሾመው፤ በሊጉ ታሪክ ለቦታው የመጀመሪያው ጥቁር ነው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው። ሩጫ የለም። ይሄን ዓመት ቤቱ ይቆይ። የካናዳው በር በ17ም ይከፈታል። የአሜሪካው ጁኒየር ሊግም አለ፣ ከቤት የማይርቅ።

የሌሊት ፈረቃ (ዴ ሞይን፣ አዮዋ)

እውነቱን ነው። ኦክፖሶ የተጫወተበት ቡድን አሁንም እዚሁ እኛ ጋ አለ። ልጁን ይዛችሁት ኑ፣ ጨዋታም ልምምድም ይይ። ማደሪያ አትፈልጉ፣ ቤቴ ሰፊ ነው። እዚህም የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ እትዬ፣ ልጁ እሁድ ብቻውን አይሆንም።

የናሆም አባት (ሴንት ፖል)

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ሦስታችን ተቀምጠን ተነጋገርን። ናሆም ክሩን ራሱ አነበበው። የአማርኛ ፊደል ቀስ እያለ ነው የሚያነበው፣ የቴፑ ታሪክ ላይ ሲደርስ ደግሞ አነበበው። ለካናዳው ሰውዬ ዘንድሮ አንችልም፣ በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገር ብለን ጻፍንለት። ልጁ መጀመሪያ ከፍቶት ነበር። በኋላ "እሺ፣ ግን ክብደት ማንሻ ግዙልኝ" አለ።

የሌሊት ፈረቃ፣ ወንድሜ፣ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይመችሃል? ጠዋት 12 ሰዓት እንነሣለን። ባለቤቴ እንጀራና ድርቆሽ ይዛ ነው የምትመጣው፣ ምን እንጨምር?

የሌሊት ፈረቃ (ዴ ሞይን፣ አዮዋ)

ይመቸኛል። በርበሬ ካላችሁ ትንሽ። የበረዶ ጫማውንም ይያዝ፣ ከልምምዱ በኋላ ሜዳው ለአንድ ሰዓት ለሰው ክፍት ነው።